የዙሌይካ ልጅ የሰጠኝ ማንግሮቮች

ኅዳር 3 ቀን 2018፣ ረቡዕ

የውሃው ሙቀት 25። ጨው፦ መለኪያው ቀዩ መስመር ላይ። ቅጠል፦ ሃያ ሁለት።

ይህን ደብተር የገዛሁት በሙደሲር ትእዛዝ ነው። «አክስቴ፣ አንቺ የወሬ ሰው እንጂ የቁጥር ሰው አይደለሽም፤ በየቀኑ ካልጻፍሽው ትገድያቸዋለሽ» አለኝ። ሙደሲር የጎረቤቴ የዙሌይካ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግማሹን እሷ አሳደገችው፣ ግማሹን እኔ። ነሐሴ ላይ ለጋብቻው ጉዳይ ከጅቡቲ ሲመጣ ስድስት የማንግሮቭ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ማንግሮቭ ማለት ባሕር ጠርዝ ላይ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ ዛፍ ነው። ፍሬው ከእናቱ ሳይወርድ እዚያው ይበቅላል፤ እንደ እርሳስ ይረዝምና ጫፉ ሾሎ ሲወድቅ ጭቃው ላይ ተተክሎ ይቀራል። ዙሌይካ አየችውና «እኔ ይሄን እርሳስ ምን ላድርገው? ለአስተማሪዋ ስጣት» አለችው። ለእኔ ማለቷ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ አማርኛ አስተምር ነበር።

በመስታወቱ በረንዳዬ ላይ ገንዳውን የሠራልኝ እሱ ነው። ከታች አሸዋ፣ በጎን ፓምፕና ማሞቂያ፣ ከላይ ሐምራዊ መብራት፣ ሁለት ከረጢት የባሕር ጨው። ባሌ ሮቤ ላይ ባሕር ገባ! ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አየ። በጋሪ ውሃ የሚያመጣልኝ ዳቢሴ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና «አዴ፣ ይሄ እኮ ሽሮ ብቻ ነው የጎደለው» አለ፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው።

ዙሌይካ ቤቴ ብቅ ካላለች ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። አጨዳ ደርሷል፤ ከአጨዳ በኋላ ሠርግ ነው፣ ሠርግ ሲመጣ ደግሞ የጨርቅ ሱቅ ፋታ የለውም። ሙደሲርም ስልክ አላነሣ አለኝ። ጭቃው ውስጥ ሲሆን ኔትወርክ አይኖርም።


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። 21። ገንዳውን በጋቢ ጠቀለልኩት። ኮምባይነሮቹ በዋናው መንገድ ሲያልፉ የበረንዳው መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ውሃውም አብሮ።

ዙሌይካን ሱቋ በር ላይ ቆማ አየኋት። እጄን አነሣሁላት። ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ይሆናል።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

25። ሁለት አዲስ ቅጠል!

ረድኤት ከአዲስ አበባ ደወለች። የመጽሔቱ አዘጋጅ ናት፤ ልጅ ናት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው። «እትዬ፣ የጥቅምቱ ጽሑፍዎ ቴሌግራም ላይ እሳት ሆኗል እኮ! አንባቢው ያቺን እናት ይፈልጋታል። ልጁ ምን ሆነ? ተዳረ? ተከታዩን ይጻፉልና።» አስብበታለሁ አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ለዙሌይካ ልነግራት ተነሣሁና መልሼ ተቀመጥኩ።

አሥራ አራት ዓመት «ከጎረቤት ወዲህ» የሚለውን ገጽ ስጽፍ የማንንም ስም ጠርቼ አላውቅም። የጥቅምቱም ያው ነው። ስለ ገንዳዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ ፍሬውን ስላመጣልኝ ልጅ ጻፍኩ። እናቱ ለሰው ሁሉ «ልጄ ወደብ ላይ ቢሮ ነው የሚሠራው» ትላለች። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ በቀን ሠራተኛነት፣ ማንግሮቭ ይተክላል። እኔ የጻፍኩት «እናትዬ፣ በዚህ ልጅ ኩሪ እንጂ አትደብቂው፤ ማዕበል የሚያቆም ዛፍ ነው የሚተክለው» ብዬ ነው። ምስጋና ነው! ማንም ያነበበ ሰው ምስጋና መሆኑን ያውቃል። ደግሞ «ጎረቤቴ ዙ.» ብቻ ነው ያልኩት። ሮቤ ውስጥ በዙ የሚጀምር ስም ስንት አለ።

(ቆጠርኩ። ሱቅ ያላት፣ ልጇ ጅቡቲ ያለ፣ አጥሯ ከአጥሬ የሚገጥም፦ አንድ።)


ኅዳር 14፣ እሑድ

በእኔና በዙሌይካ ግቢ መካከል አጥሩ ላይ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት አለ። ከስልጤ መጥታ ይህን ቤት ከገዛች ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በመንገዱ በር ተገናኝተን አናውቅም። ብርበሬ ስታሰጣ በዚያ ነው፣ እኔ የመጽሔቴን ረቂቅ ሳነብላት በዚያ ነው፣ የባሎቻችንንም መርዶ የተረዳዳነው በዚያ ነው።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቆርቆሮ ተመቶበት አገኘሁት።

ዶሮዎቼ ናቸው። ጎመኗን ይጭሩባታል፤ ስንቴ ነግራኛለች። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ።

ምስማሩ የተመታው ከእሷ በኩል ነው። ሹሉ በእኔ በኩል ወጥቷል። ቀሚስ እንዳይዝ ብዬ በድንጋይ አጠፍኩት።

24። ቅጠል፦ ሃያ አራት።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ዛሬ መቅዲ ሳሎን ሄጄ ነበር፤ ፀጉሬን ልሠራ። እውነቱን ለመናገር ሰው ልሰማ ነው የሄድኩት። ለሁለት ሳምንት ያህል ቤቴ ማንም አልመጣም። ገንዳውን ያላየ ሰው አለቀ ይሆን?

መቅዲ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባችኝ። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው አይሰማም ተብሎ ይታመናል፤ ማሽኑ ጆሮ ላይ ነው የሚጮኸው። እኔም አልሰማም ነበር፤ በመካከል መብራት ሄደ። ማሽኑ ጸጥ ሲል የአንዷ ድምፅ ሳይቆም ቀጠለ።

«…የጊኒሮቹ መለሱት አሉ።»

«ቀስ በይ እንጂ!»

«አትሰማም። ካስክ ውስጥ ናት። እኔማ እዚህች ሴትዮ ፊት የወገቤን ሕመም እንኳ አላወራም። በሚቀጥለው ወር ጎረቤቴ ሰ. ሆኜ ብወጣስ?»

ሳቁ። መቅዲ ናት ያቆመቻቸው፤ «መብራት ጠፍቷል እኮ!» ብላ። ከካስኩ ስወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ ስንዴ ማውራት ጀመሩ፤ የማሳ ስፋት የማያውቁት ሁሉ። መቅዲ ፀጉሬን ስታበጥር እጇ ይቸኩል ነበር። በፊት አንድ ሰዓት ነበር የምታቆየኝ፤ ሰፈሩን ሙሉ እየነገረችኝ። አንድም ቃል አልነገረችኝም። ስወጣ «አማረብዎት» አለች። ይኸው ነው።

የሙደሲር አማቾች የሚሆኑት ጊኒሮቹ የመለሱት ምን ይሆን? አልጠየቅኩም።

ውድ አንባቢዬ ብዬ ልጽፍ ነበር። እዚህ ደብተር ላይ አንባቢ የለም።


ኅዳር 19፣ ዓርብ

24። ቅጠሎቹ ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ወጣ። ዛፉ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ነው እንደ ላብ የሚያወጣው፤ ጨው የሌለበት ውሃ ረጭቶ ማጠብ ነው። አጠብኩ። አንድ በአንድ፣ ከላይም ከታችም።

ዛሬ ያናገርኩት ሰው ዳቢሴን ብቻ ነው። «አዴ፣ ውሃ» አለ። «አኑረው» አልኩት።


ኅዳር 26፣ ዓርብ

የባሕር ጨው አለቀ። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሪ ተብያለሁ፤ በምን ልቀይር? የወጥ ጨው አይሆንም፣ ሙደሲር ሦስት ጊዜ ነው ያስጠነቀቀኝ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም።

ለዳቢሴ አጫወትኩት። ጋሪውን ትቶ ገንዳውን ዞረው።

«አዴ፣ ችግሩ ጨዋማ ውሃ ከሆነ ሆራ አለ አይደል እንዴ?»

ሆራ ከተራራው ሥር የሚፈልቅ የማዕድን ውሃ ነው፤ የባሌ ከብት ካልጠጣው አያምርበትም። የሩቅ ሰው ሁሉ ቀናት ተጉዞ ከብቱን ያጠጣል።

«የእኔ ላሞች በየጊዜው ካልወሰድኳቸው ይከሳሉ። ከጠጡ ፀጉራቸው ያበራል፣ ወተቱ ይወርዳል። ለላም የሆነ ለዚች እንጨት ያቅታል? ልጅ ልኬ ሁለት ጀሪካን አስመጣልዎታለሁ።»

አመጣ። በድሮው ጊዜ ቢሆን አንገቴን በክፍተቱ አውጥቼ «ዙሌይካ፣ ሆራ ላድርግበት?» እላት ነበር። እሷም «አበድሽ?» ትለኝ ነበር። ከዚህ በላይ ምክር አስፈልጎኝ አያውቅም።

ቆርቆሮውን አየሁት። ጀሪካኑንም አየሁት። አፈሰስኩት።


ኅዳር 28፣ እሑድ

ውሃው እንደ አሬራ ነጣ። ፓምፑ ይንቋረራል።


ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ሦስቱ ቅጠላቸውን ጣሉ። ግንዳቸው ሲነኩት ይለሰልሳል። ከታች የነጭ ዱቄት ንጣፍ አለ። በዳቢሴ ንጹሕ ውሃና ከረጢቱን አራግፌ ባገኘሁት ጨው የቻልኩትን ያህል ቀየርኩ።

ዳቢሴ መጥቶ አየ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል።

«ለካ ላም አይደለም» አለ። ቀጥሎ፦ «ማሎ አዴ፣ በደልኩዎ።»

«አንተ ምን አደረግህ? ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ጨመርኩም፦ «መልካም አስቤ ነው።»

ይህችን ቃል ከጻፍኳት በኋላ ብዙ አየኋት።


ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

አቶ ገብረጻድቅ መጡ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ሽምግልና ያለ እሳቸው አይሄድም። ገንዳውን ለማየት መስሎኝ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣሁላቸው። ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

«እኅተማርያም፣ ሰው የማይነግርሽን እኔ ልንገርሽ። የሙደሲር ጋብቻ ፈረሰ።»

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ።

«የእጮኛው የከሚላ ቤተሰቦች ጊኒር ላይ ስም ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው፤ ታውቂያለሽ። መጽሔቱን አንብበው መልእክት ላኩ። ጭቃ ማቡካቱን እንታገሠው ነበር፣ መዋሸታችሁን ግን አንታገሥም፤ ብለው የተላከውን መለሱ።»

«ስም አልጠራሁም እኮ፣ አቶ ገብረጻድቅ።»

«ስም ያልጠራሽው ለአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ለሮቤና ለጊኒር ሰው ግን ቤቷን በእጅሽ አሳየሽ።»

አንድ ነገር አልነገርኳቸውም። ነሐሴ ላይ ለጥየቃው ጊኒር ስንሄድ እኔም አብሬ ነበርኩ። ከዙሌይካ ጎን ነው የተቀመጥኩት። የልጅቱ አክስት «ሥራው ምንድን ነው?» ስትል ዙሌይካ «ወደብ ላይ፣ ቢሮ» አለች፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔም «አዎ፣ ቢሮ» አልኩ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ እጄን ይዛ ነበር። እውነቱን ያኔ ነው የነገረችኝ፤ እየሳቀች፣ ደግሞ እያፈረች፦ «እኅቴ፣ ልጄ እኮ ከአሣ ጋር ነው የሚውለው።» ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ በመጽሔት ላይ አስወጣሁት። አሳምሬ።

አቶ ገብረጻድቅን ሽምግልና ለመንኳቸው። ሐጂ ኡመርን ይዘው ይሄዳሉ፤ መስጊዱም ሱቁም የሚሰማቸው ሰው ናቸው። እታረቃለሁ። ካሣም ቢሆን፣ መሬት መሳምም ቢሆን። ከማክሰኞ በፊት አይሄዱም። እስከዚያ ቅጠል አጥባለሁ።


ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ቶሎ ተመለሱ። ደጅ ቆሜ ነበር የምጠብቃቸው። ከሐጂ ኡመር ፊት ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«አክብራ ተቀበለችን። ሻይ አጠጣችን፣ ብስኩት አቀረበች» አሉ ሐጂ ኡመር።

«እሺ?»

«‹ከእኅተማርያም ጋር ምን ቂም አለኝ? ወላሂ ምንም የለኝም። መጽሔቱ ላይ የወጣችው ሌላ ሴት ናት። የእኔ ልጅ የሚሠራው ቢሮ ነው› አለች።»

«ከዚያስ ምን አላችኋት?»

ሐጂ ኡመር በትራቸውን መሬት ላይ አዞሩት። «ምን እንበል ልጄ? ያልተጣላን ሰው በምን እናስታርቃለን?»

አቶ ገብረጻድቅ ቀስ ብለው «ይቅርታሽን ከተቀበለች ‹አዎ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ› ማለቷ አይደል?» አሉኝ። ሄዱ።

እኔ እንዴት ይህን አላሰብኩም? ስንት ሰው ሲጣላና ሲታረቅ ጽፌያለሁ። የጥፋቴ ዓይነት ይህ ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት በር እንኳ አላስቀረሁላትም።

23። ቅጠል፦ ዘጠኝ። በሦስቱ ላይ ብቻ።


ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሮ አራት ገጽ ጻፍኩ፦ «ለጎረቤቴ የተጻፈ ይቅርታ።» ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ጽፌ አላውቅም። እያለቀስኩ ነው የጨረስኩት። ለረድኤት በስልክ አነበብኩላት።

እሷም አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና፦ «እትዬ! ይሄ ከጥቅምቱ ይበልጣል። የፊት ሽፋኑ ላይ ነው የምናደርገው። ፎቶ አለ? የገንዳው፣ የአጥሩ… ቆይ፣ ያ የምስማሩ ሹል! ቀረብ ብለው እሱን ብቻ ቢያነሡልን።»

ስልኬን ይዤ አጥሩ ጋ ሄጄ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሄጄ ነበር። ካሜራውን ከፍቼ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚሻል እያየሁ ሳለ ከወዲያኛው በኩል ዙሌይካ ስታስል ሰማሁ። ጎመኗ ውስጥ ናት። ከእኔ እስከ እሷ ክንድ አይሞላም። እኔ በዚህ በኩል ምስማሯን ፎቶ ላነሣ ነው።

ወደ ቤት ገብቼ ለረድኤት ደወልኩ። አላወጣውም አልኳት።

«ግን እኮ ይቅርታ ነው እትዬ!»

«አዎ። ግን የጠየቅሁት እናንተን ነው፤ እሷን አይደለም።»

«ለጥር ታዲያ ገጹን በምን ልሙላው?»

«ስለ ጎመን ዘር አስገቢበት።»

ቀልድ መስሏት ጠበቀች። ከዚያ ገጹን ላልተወሰነ ጊዜ ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ነገረችኝ፤ በትሕትና። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። አራቱን ገጽ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ግልባጭ ስልኬ ውስጥ ነበር፤ እሱንም ከብዙ ቆይታ በኋላ አጠፋሁት።


ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ውርጭ። የጎባ መንገድ ዳር ያለው ሣር ጠዋት ነጭ ነው። መብራት ሁለት ቀን የለም። 17።

ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፋለሁ። በየሰዓቱ። ከሰል አለቀ። ብርድ ልብሴን ለገንዳው ሰጥቼ በካፖርት ተቀምጫለሁ።

ለሦስት እንጨት። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር? የሚያየኝም የለም።


ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

መብራት መጥቷል፤ 24። ቅጠል፦ ስምንት።

ሙደሲር ደወለ! ስሙን ስልኩ ላይ እንዳየሁ አነሣሁት።

«እንደምን ነዎት?» አለኝ።

ነዎት። ዳዴ ሲል ጀምሮ አንቺ ሲለኝ የኖረ ልጅ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ሙደሲር፣ እኔ—»

«ችግኞቹ እንዴት ናቸው?»

የሆራውን ነገርኩት። እንደ ድሮው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። «የሞቱትን አውጥተው ይጣሉ፤ ውሃውን ያበላሻሉ። ጨው በሹፌር እልካለሁ። ውሃው ሲተን ደግሞ ጨዋማ ውሃ አይጨምሩ፣ ባዶውን ውሃ ብቻ ነው የሚጨምሩት።» እንደ ቢሮ ሠራተኛ ነው የተናገረው።

«እሺ» አልኩ።

«እናቴን ያዩዋታል?»

«በመስኮት።»

«ትበላለች?»

አላውቅም አልኩት። ሃያ ሦስት ዓመት ዙሌይካ ምን እንደበላች ሳላውቅ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ከዚያ «ከሚላ እኮ ጭቃውን ታውቅ ነበር» አለ፤ «ለእሷ ነግሬያት ነበር። እሷ ምንም አላለችም ነበር።» ድምፁ እንደ ልጅነቱ ሆነ። ወዲያው «ደህና ይሁኑ» ብሎ ዘጋው።


ታኅሣሥ 29፣ ገና

በየዓመቱ ለገና አንድ ዶሮ ከነነፍሷ ለዙሌይካ እሰጣታለሁ፤ በሃይማኖቷ አሳርዳ እንድትበላ። እሷ ደግሞ ለዒድ ማርና ሙልሙል ዳቦ ትልክልኛለች። ሥጋችን ለየብቻ፣ በዓላችን አንድ።

ዘንድሮም ቀይዋን ዶሮ አሰርኳት። በመንገዱ በር ይዣት ወጣሁ። የዙሌይካ በር ድረስ ሄድኩ። ውስጥ ሬድዮ ይሰማል። ባንኳኳ ትወጣለች፣ ጎረቤት ፊት ትስቅልኛለች፣ ዶሮዋን ትቀበለኛለች፣ «እንኳን አደረሰሽ» ትለኛለች፤ ምንም ቂም የለባትማ። ያንን ፊት ማየት አልቻልኩም። ዶሮዋን ታቅፌ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ «እትዬ፣ ሽጡልኝ» አለ።

እንጀራውን ለብቻዬ ቆረስኩ። ሙቀት 25።


ጥር 4፣ ሰኞ

ዙሌይካ መጣች።

አሥር ሰዓት ገደማ የመንገዱ በር ተንኳኳ። ዳቢሴ መስሎኝ በቤት ጫማ ወጣሁ። ሻሿን አስተካክላ፣ የሱቅ ልብሷን ለብሳ፣ እንደ እንግዳ ቆማለች። ከስታለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች፤ ሳልጠይቃት። «ያን እርሳስ ልየው ብዬ ነው።»

በረንዳው ላይ ወሰድኳት። ጎንበስ ብላ አየች።

«ስንት ቀሩ?»

«ሦስት።»

«ስድስት አልነበሩም እንዴ?»

«ሦስቱን ገደልኩ።»

«በምን?»

«በሆራ።»

ቀና አለች። «በሆራ? በከብት ሆራ?»

«ሁለት ጀሪካን።»

ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም። «ያ ረቢ፣ እኅቴ! ይታለቡልሻል ብለሽ ነው?» አለችና ሳቋ አመለጣት፤ ያ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ሳቅ። እኔም ሳቅኩ። የእሷ ቀድሞ ቆመ። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ወደ ገንዳው ተመልሳ ዞረች።

«ይሄ ከጎኑ የወጣው ምንድን ነው?»

«ሥር ነው። ከግንዱ ወጥቶ ወደ ጭቃው ይወርዳል። ማዕበል እንዳይጥለው።»

«ሙደሲር የሚተክለው ይሄን ነው?»

ስለዚህ አራት ገጽ መናገር እችል ነበር። «አዎ» ብቻ አልኩ።

ብዙ ጊዜ አየችው። ጣቷን በመስታወቱ ላይ በሥሩ ልክ አወረደችው። «ታዲያ ይሄ ምን ያሳፍራል» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ብል መልስ መስጠት ይኖርባታል። ዘጋሁት። ወንበር አቀረብኩላት፣ ተቀመጠች።

«እኅቴ» አለች ኋላ፤ «አንድ ነገር ሆኗል። ለማንም አልተናገርኩትም። ከማን ጋር ላውራው?»

ይህ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እንደተከፈተ፣ እስክሪብቶው መሃሉ ላይ። አየችው። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ወስጄ በር ዘግቼበት ተመለስኩ። ከዚያ ነገረችኝ። በመካከል ስልኬ ጠራ፣ ረድኤት ናት፤ ተውኩት፣ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ዙሌይካ እስከ መግሪብ ተናገረች። አንድም ጊዜ አላቋረጥኳትም፤ ይህን የሚያውቀኝ ሰው አያምነውም።

ለሶላት ስትነሣ የወጣችው በመንገዱ በር ነው። ቆርቆሮው እንዳለ ነው። ደረጃው ላይ «ቅጠሉ አቧራ ይዟል፣ እጠቢው» አለችኝ። አቧራ አይደለም፣ ጨው ነው፤ አላረምኳትም።

የነገረችኝን ለዚህ ደብተርም አልነግረውም።


ጥር 5፣ ማክሰኞ

ጠዋት መቅዲ በሩ ላይ ቆመች። ሳሎኗ በወዲያ ነው፤ መንገዷ በዚህ አይደለም።

«እትዬ፣ ትናንት ዙሌይካ ቤትዎ ገብታ አመሸች አሉ።»

«መጥታ ነበር።»

«ውይ፣ እሰይ! ታረቃችሁ በሉኛ!»

«አልተጣላንም እኮ።»

«እሺ፣ እሺ። ምን አለችዎት ታዲያ?»

ዓይኖቿ እንዴት እንደበሩ። አንገቷን ወደ እኔ አስረዝማ፣ ጆሮዋን ሰጥታ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት መስታወት ውስጥ ሳየው የኖርኩት የራሴ ፊት ነው። ከኅዳር ወዲህ ወሬ ሊጠይቀኝ ደጄ ላይ የቆመ የመጀመሪያ ሰው ናት፤ ግቢ ብላት ገብታ ቀኑን ሙሉ ታጫውተኝ ነበር።

«ዛፉን ልታይ ነው የመጣችው» አልኳት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ መቅዲዬ» አልኩና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።